ኢስናድ የሌለው ፋይል አይከፈት



ሰሞኑን ደረሶቻችን ከዐስር ሶላት በኋላ የቁርኣን ቅጂ ሊያዳምጡ ተሰብስበው የመድረሳችንን ኮምፒውተር ስንከፍት፣ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቁን። ቫይረሱ የገባው በአንድ ወንድማችን ፍላሽ ነው። ወንድማችን ክፋት አላሰበም፤ ነሺዳ አስጭኖ ሊያካፍለን ነው ያመጣው። ቅጂው ከሌላ ቦታ ይተካል። ያስደነገጠን ሌላ ነው፦ በዚያው ኮምፒውተር የደረሶቻችን ቤተሰቦች ስምና ስልክ፣ የሰደቃ ሰጪዎች ዝርዝርም ነበረበት።

በዳባት፣ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ከምንኖረው ሙስሊሞች ኢንተርኔት የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። ኹጥባውንም፣ ትምህርቱንም፣ ይህንን ጽሑፍም አንዱ በኢሜይል ይቀበለዋል፤ ሌላው በፍላሽ ይገለብጠዋል፤ ገበያ የወጣው በብሉቱዝ ተቀብሎ ወደ ቀዬው ይዞት ይገባል። ስለዚህ አንዳችን ሳናጣራ የተቀበልነው ለሁላችንም ይደርሳል።

ጉዳቱም ፋይል በመጥፋት ብቻ አያበቃም። በመጋቢት 2005 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል የሆነው ሲቲዝን ላብ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር በአገራችን ሰዎች ላይ ሥራ ላይ መዋሉን አስታወቀ። ማጥመጃው የግንቦት 7 አባላት ፎቶ ነበር። ፎቶ ብቻ መስሎት የከፈተው ሰው ኮምፒውተር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ከሚገኝ ሰርቨር ጋር ይገናኝ ነበር። በታኅሣሥ 2006 ደግሞ በውጭ አገር ለሚሠሩ የኢሳት ባልደረቦች ጽሑፍ የሚመስል ፋይል በስካይፕ ደረሳቸው። የላኪው ስም ቀድሞ ከጣቢያው ጋር ይተባበር የነበረ ሰው ስም ነው። ተመራማሪዎቹ ሲመረምሩት ግን ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የስለላ መሣሪያ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ የላኪውን ስም ማወቅ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት ሊሆን አይገባም። የሐዲስ ሊቃውንት ቃሉ ስላማረ ብቻ ሐዲስ አልተቀበሉም። «ከማን ሰማህ?» ይሉ ነበር። ተናጋሪው ታማኝ ቢሆን እንኳ ከዚያ ሰው በእርግጥ መስማቱን ያጣሩ ነበር። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽም ወሬ ሲመጣልን እንድናረጋግጥ ያዘናል። ፋይልም ኢስናድ ያስፈልገዋል።

«ለ10 ሰው ካላስተላለፍክ መከራ ያገኝሃል» የሚለውም መልእክት እንዲሁ ነው። የነቢዩ መስጂድ አገልጋይ ሸይኽ አሕመድ ያዩት ሕልም ነው እየተባለ የሚበተነው ኑዛዜ ኢንተርኔት ሳይኖር በወረቀት ይዞር ነበር፤ ሸይኽ ኢብን ባዝ ሐሰት መሆኑን ጽፈው አስጠንቅቀዋል። በዲን ስም መምጣቱ ብቻ እውነት አያደርገውም።

አንዳንድ ወንድሞች «ጥያቄያችን ሰላማዊ ነው፣ በአደባባይ ነው፤ ምን የምንደብቀው አለ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ጥያቄያችንን አንደብቅም። የሰው ስም፣ ስልክና ምስጢር ግን የእኛ አይደለም፤ አማና ነው። አማና የተቀበለ ደግሞ በሩን ክፍት ትቶ አይተኛም።

ስለዚህ በየጀመዓችን እንዲህ ብንስማማ እንላለን። ያልጠበቅነው ፋይል ሲመጣ ደውለን የላኪውን ድምፅ ሰምተን፣ ወይም ከሶላት በኋላ በአካል አግኝተን እንጠይቅ። ፎቶ ወይም ጽሑፍ ነው ተብሎ ስሙ «ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ» በሚሉት ፊደላት የሚያልቅ ከሆነ አንክፈተው። የሰዎች ስም ዝርዝር በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ከውጭ የመጣ ፍላሽ አይሰካ። ፓስዎርድ ለማንም አይሰጥ። ምንጩን ያላወቅነውን መልእክት አናስተላልፍ።

ከሁሉ በላይ፣ የደረሰበት ሰው አይፈር። ፍላሹን ያመጣው ወንድማችን የራሱ ኮምፒውተር ከእኛ 3 ቀን ቀድሞ እንዲሁ ሆኖበት እንደነበር ኋላ ነገረን። «እኔ ያበላሸሁት መስሎኝ አፈርኩ» አለ። ቢነግረን ኖሮ ፍላሹን አንሰካውም ነበር። እሱን ግን አንወቅሰውም፤ ችግር የደረሰበት ሰው ሳይፈራ የሚናገርበትን ጀመዓ መፍጠር የሁላችንም ድርሻ ነው።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አላሁ አክበር!