መተማ ላይ ቅንጦት የሆነው የቱ ነው?

ሰሞኑን በአንድ የጤና ስብሰባ ላይ የዘረመል ጥናት ነገር ሲነሳ አንድ የተከበሩ ሰው እጃቸውን አወናጨፉ። በሱዳን ድንበር ላይ ላለችው መተማ አጎበርና ርካሽ የወባ መመርመሪያ ይበቃታል፣ ጂኖሚክስ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው አሉን። አዳራሹም አጨበጨበላቸው። ያ ጭብጨባ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለመሆኑ ጌታዬ ያ ርካሽ መመርመሪያ በምን እንደሚሠራ ጠይቀው ያውቃሉ? ጤና ኬላ ላይ ለዓመታት የጣት ደም ጠብ ሲደረግባት የኖረችው ፕላስቲክ ፋልሲፓረም የተባለውን ወባ የምታውቀው ተውሳኩ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን አግኝታ ነው። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን ነው። ጂኑ የጎደለው ተውሳክ ከመጣ መሥመሯ ላትወጣ ትችላለች። ሰሊጥ ሊያጭድ ከደጋ የወረደው ጎረምሳ በትኩሳት እየነደደ «ወባ የለብህም» ተብሎ ወደ እርሻው ይመለሳል። አጨዳው ሲያልቅ ደግሞ ተውሳኩን በደሙ ይዞ ወደ ቀዬው ይሄዳል፤ ሌላው በገላባት በኩል ወደ ሱዳን ይሻገራል።

ታዲያ ጂኑ መጥፋቱን ማን ነገረን? አጎበሩ?

እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ በተሰበሰበ ደም ላይ የተሠራው የዘረመል ጥናት በ2023 ሲታተም ሁለት መርዶ ይዞ መጣ። አንደኛው ይኸው የጂን መጥፋት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የምንመካበትን የአርቴሚሲኒን መድኃኒት ከመቋቋም ጋር የተያያዘ አር622አይ የተባለ ለውጥ ሲሆን፣ ከናሙናዎቹ 8 በመቶ ያህሉ ላይ ተገኘ። ሁለቱንም ጣጣ አንድ ላይ የተሸከሙ ተውሳኮችም አሉ፦ ከመመርመሪያው ተደብቀው፣ መድኃኒቱንም የሚፈታተኑ። አር622አይ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደታየ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አስቀድሞ ጽፎ ነበር። ጎረቤታችን ኤርትራ በዚያው ዓመት መመርመሪያዋን ወደ ሌላ ዓይነት የለወጠችው ጂኑ እንደጠፋ ስላወቀች ነው። ይህን ሁሉ ቅንጦት የሚሉ ሰው የሚያደንቁት መመርመሪያ ራሱ በጂን ላይ እንደቆመ እንኳ አልገባቸውም።

እርግጥ ነው፣ እኚሁ ሰው ለራሳቸው ጤና ባንኮክ ድረስ ሄደው የዘረመል ምርመራ ቢታዘዝላቸው «ቅንጦት ነው፣ አጎበር ስጡኝ» ብለው የሚመለሱ አይመስለኝም። ቁጠባው የሚታወሳቸው የሰሊጥ አጫጁ ደም ሲሆን ነው።

ሁሉም ጤና ኬላ የዘረመል ማንበቢያ ማሽን ይተከልለት ያለ የለም። የሚመጣው መመርመሪያ ከመገዛቱ በፊት የመተማና የገንደ ውሃ ተውሳክ በየጊዜው ይነበብ፣ ንባቡም ጎንደር ላይ ይሁን፣ ውጤቱ መድኃኒትና መመርመሪያ ከሚገዛው ሰው ጠረጴዛ ይድረስ። ይህ ሲባል ገንዘብ የለም ይሉናል። የታመመን ሰው ጤነኛ ነህ ሲል የኖረ ፕላስቲክ በካርቶን በካርቶን ለመግዛት ግን ገንዘብ ጠፍቶ አያውቅም። ቅንጦት ማለት ይሄ ነው።