ቆጣሪው በሻጩ እጅ ሲገባ

በገበያ ላይ አንድ ዕቃ ሲወደድ ነጋዴ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ተጨማሪ ጭነት ያስመጣል። ጤፍ ሲወደድ ከጎጃም፣ ጨርቅ ሲያልቅ ከዱባይ ይመጣል። ነገር ግን ዋጋው ጣሪያ ቢነካም ተጨማሪ ጭነት የማይመጣለት ሸቀጥ አለ። አንድ ኪሎ ሜትር ንጹሕ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ በገደሉ ጫፍ የሚያልፍ ጠባብ የእግር መንገድና በዚያ ላይ የሚገኘው ጸጥታ እንዲህ ያለ ሸቀጥ ነው። የአትላንቲክ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚሸጡት ይህንኑ ነው። በበጋ ወራት ፈላጊው እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ አቅርቦቱ ግን ካለበት አንዲት ስንዝር አይጨምርም። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው እንዴት ሊነግድ ይገባዋል?

(በጋ ስንል የአውሮፓውያኑን በጋ፣ ማለትም በእኛ ዘንድ ዝናብ የሚወርድበትን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ ማለታችን ነው። ዓመቶቹም እንደ እነርሱ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ለጥያቄው ጥሩ መልስ የሚሆኑት የሲዬስ ደሴቶች ናቸው። በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በጋሊሲያ ክልል፣ ከቪጎ ወደብ በጀልባ ከአንድ ሰዓት በታች የሚያስኬዱ ሦስት ትንንሽ ደሴቶች ናቸው። ከኦንስ፣ ከሳልቮራና ከኮርቴጋዳ ደሴቶች ጋር ተጣምረው በ2002 የጋሊሲያ የአትላንቲክ ደሴቶች ብሔራዊ ፓርክ ተብለዋል። በዚያው ዓመት፣ በኖቬምበር ወር፣ ፕሬስቲጅ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከጋሊሲያ ጠረፍ ርቃ ሰጠመችና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቶን ጥቁር ዘይት ባሕሩ ላይ ተደፋ። ዓሣ አጥማጆች በየጀልባቸው፣ በጎ ፈቃደኞች በአካፋና በባልዲ ዘይቱን ሲያወጡ ከረሙ። የአካባቢው ሰው የዳርቻውን ዋጋ ያወቀው ሊያጣው ሲል ነው ማለት ይቻላል።

ሲዬስ የደረሰ መንገደኛ የሚያየው እንዲህ ነው። ጀልባው የሚያራግፈው ሮዳስ በተባለው ዳርቻ አጠገብ ነው። ሮዳስ አንድ ኪሎ ሜትር ግድም የሚረዝም፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ ነጭ አሸዋ ሲሆን ሁለቱን ደሴቶች እንደ ድልድይ ያገናኛል። ከዚያ ምልክት የተደረገባቸው አራት የእግር መንገዶች ይነሳሉ። ከሁሉም የታወቀው እየተጠማዘዘ ወደ መርከብ መብራት ማማው የሚወጣው ነው፤ ማማው ከባሕር ወለል 170 ሜትር ግድም ከፍ ብሎ ይገኛል። ከላይ ሆኖ ለሚመለከት በምሥራቅ በኩል ጸጥ ያለው ዳርቻ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ውቅያኖሱ የሚገርፈው ገደልና የባሕር ወፎች ጎጆ ይታያል። መኪና የለም። ሆቴል የለም። ማደር የፈለገ በተፈቀደው ቦታ ድንኳን ይከራያል ወይም ይተክላል። የቆሻሻ መጣያ እንኳ የለም፤ ሰው ሁሉ የበላበትን ፌስታል ይዞ ይመለሳል።

ውኃው በነሐሴም ቢሆን አጥንት ድረስ የሚሰማ ቅዝቃዜ አለው። ምክንያቱ ከሰሜን የሚነፍሰው የበጋ ነፋስ የላዩን ውኃ ወደ ውቅያኖስ ሲገፋው ከታች ቀዝቃዛው ውኃ ስለሚወጣ ነው። ይህ ከታች የሚወጣው ውኃ ለባሕር ፍጥረታት ምግብ የሚሆን ንጥረ ነገር የሞላበት ነው። የጋሊሲያ ሰዎች በየባሕር ሰላጤው ላይ በተንሳፋፊ መደብ ሙሴል የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ እያረቡ የሚሸጡት በዚሁ ውኃ በረከት ነው። ዋናተኛውን የሚያንቀጠቅጠው ውኃ የሙሴል ነጋዴውን ኪስ ያሞቃል ማለት ነው።

የፈላጊው ማዕበል

በ2007 የእንግሊዙ ጋርዲያን ጋዜጣ ሮዳስን ከዓለም አንደኛ ዳርቻ ብሎ ሰየመው። ነጋዴ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ነጻ ማስታወቂያ ምን እንደሚያመጣ አይጠፋውም። ቀድሞ የቪጎ ቤተሰቦች ምሳቸውን ቋጥረው የሚሄዱበት ቦታ የሩቅ አገር ሰው የሚሻማበት ሆነ።

ለደሴቶቹ ግን የቀን ኮታ ነበራቸው፤ በዚያን ጊዜ በቀን 2,200 ሰው ነበር። ኮታው በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም። እንከኑ ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ቲኬቱን የሚሸጡት የጀልባ ኩባንያዎች ናቸው፤ ሰው መሙላቱን በመጀመሪያ የሚያውቁትም እነርሱው ናቸው። ስለዚህ በ2017 በጋ ከኮታው በላይ ሰው ወደ ደሴቶቹ ተጭኖ መገኘቱ ብዙ ሊያስገርም አይገባም ነበር። ነገሩ ትልቅ ወሬ ሆነ፤ እስከ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክርም አስነሳ።

ይህ የሆነው የጀልባ ባለቤት ከሌላው ነጋዴ የተለየ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለምሳሌ ያህል የደርሶ መልስ ቲኬቱ 25 ዩሮ ነው እንበል። 2,200 ሰው 55,000 ዩሮ ያስገባል። ነዳጁ፣ የካፒቴኑ ደመወዝ፣ የወደብ ክፍያው ከዚህ ይወጣል። አሁን 500 ሰው ይጨመር። 12,500 ዩሮ ተጨማሪ ገባ፤ ጀልባው ግን ድሮም ሊሄድ የተነሳ ነውና ተጨማሪው ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከሞላ ጎደል ጥሬ ትርፍ ነው። በአንጻሩ የመንገዱ መቦርቦር፣ የአሸዋው መጨናነቅ፣ የወፎቹ መሸበር በማንም ኩባንያ የሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ትርፉ ዛሬ ለአንድ ሰው ይገባል፤ ኪሳራው ነገ ለሁሉም ይከፋፈላል። እንዲህ ባለ ሒሳብ ፊት ቆጣሪውን ለሻጩ ሰጥቶ «እባክህ ራስህን ቆጣጠር» ማለት ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ነው።

ከ2018 ወዲህ አሠራሩ ተለውጧል። የጋሊሲያ ክልል መንግሥት ፈቃድ መስጠቱን በራሱ ማዕከል ያዘ። በበጋ ወደ ሲዬስ የሚሄድ ሰው በቅድሚያ ከመንግሥቱ ማዕከል በስሙ ፈቃድ አውጥቶ የመለያ ቁጥር ይቀበላል፤ ያንን ቁጥር ካላቀረበ ማንም የጀልባ ኩባንያ ቲኬት አይሸጥለትም። ቁጥሩን ተቀብሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቲኬት ያልገዛ ፈቃዱ ይሰረዝበታል። የቀኑ ኮታም ወደ 1,800 ወርዷል። ለዚህ ገጽ አንባቢ የሁለት ሰዓቷ ነገር ልትጠፋው አይገባም። ፈቃዱ ነጻ ነው፤ ነጻ ነገር ደግሞ ሰብሳቢ አያጣም። አንድ ብልጥ ሰው መቶ ፈቃድ አውጥቶ ነሐሴ ላይ በጥቁር ገበያ እንዳይቸረችረው ያደረገው፣ ፈቃዱ በስም መሆኑና ዕድሜው ማጠሩ ነው። ደላላ የሚገባበት ክፍተት እንዲህ ነው የሚደፈነው።

ሌሎቹ በሮች

«ታዲያ ለምን ኮታ? ዋጋውን አስወድዶ ማሳነስ አይቻልም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው የገበያ ሰው ጥያቄ ስለሆነ በሌሎቹ ደሴቶች አሠራር እንመልሰው።

የፖርቱጋሏ ማዴይራ በ2024 በተመረጡ የእግር መንገዶቿ ላይ ከውጭ የሚመጣውን ጎብኚ 3 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች፤ የደሴቱ ነዋሪ አይከፍልም። ገንዘቡ ለመንገዱ ጥገና ይረዳል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ለአውሮፕላንና ለሆቴል ብዙ መቶ ዩሮ ከፍሎ የመጣ ሰው ለ3 ዩሮ ብሎ ከመንገዱ አፍ አይመለስም። ትንሽ ዋጋ ገቢ ያመጣል እንጂ ሰው አያሳንስም።

የፈረንሳዩ ኢል ደ ሬ ደሴት በ1988 ድልድይ ተሠርቶለት ከዋናው ምድር ጋር ተገናኘ። በድልድዩ የሚያልፍ መኪና ይከፍላል፤ በበጋ የሚከፍለውም ከቀሪው ዓመት እጥፍ ነው። ከገቢውም ለተፈጥሮ ጥበቃ ይውላል። ይህ ከማዴይራው የተሻለ ነው፤ ወቅቱን ይለያል፣ በአንድ በር ላይም ይሰበሰባል። ያም ሆኖ ከፍሎ መግባት የቻለ ሁሉ ይገባል።

ዋጋውን ሰው እስኪቀንስ ድረስ ማስወደድስ? ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ሲዬስ የቪጎ መርከብ ሠራተኛ ልጆቹን ይዞ የማይሄድባት፣ የሀብታም ብቻ ደሴት ትሆናለች። ይህ ደግሞ ከሕጉ መንፈስ ጋር ይጋጫል። በስፔን በ1988 የወጣው የባሕር ጠረፍ ሕግ ዳርቻውን የሕዝብ ንብረት አድርጎ፣ ከጠርዙም ስድስት ሜትር ስፋት ለእግረኛ ክፍት እንዲሆን ያዛል። በፈረንሳይም በ1976 የወጣው ሕግ በባሕር ዳር ያለ የግል ይዞታ ሦስት ሜትር ለእግረኛ እንዲለቅ ያስገድዳል፤ ቤል ኢልን የመሰለችውን ደሴት ከሰማንያ ኪሎ ሜትር በላይ በእግር መዞር የተቻለው እንዲህ ባለ ሕግ ጭምር ነው። ባለ ቪላው አጥር አጥሮ «የእኔ ዳርቻ» ማለት አይችልም። ዳርቻው የሁሉ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን የሚገድብ ባለቤት አይኖርም። ስለዚህ ገደቡ በአሸዋው ላይ ሳይሆን በመግቢያው ላይ መቀመጥ አለበት። ለሲዬስ መግቢያው ጀልባው ነው፤ በዋና የሚመጣ ሰው የለምና።

መግቢያ ሳይበጅ ሲቀር የሚሆነውን በካናሪ ደሴቶች አይተናል። 2.2 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላቸው እነዚህ ደሴቶች በ2024 ብቻ ከ17 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ተቀብለዋል። በዚያው ዓመት አፕሪል 20 ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ «ካናሪያ ገደብ አላት» ብሎ አደባባይ ወጣ። የቤት ኪራይ ናረ፣ ውኃ አነሰ፣ መንገዱ ተጨናነቀ የሚል ነበር ብሶቱ። ሕዝቡ በሆቴል ደመወዝ የሚተዳደር ሆኖ ሳለ ሆቴል በቃን ሲል መስማት ለባለሀብት ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ቆጣሪ በሌለበት ቦታ መጨረሻ ላይ የሚቆጥረው አደባባይ የወጣ ሕዝብ ነው።

ነጋዴው ይጎዳል ወይ?

በኮታ ላይ የሚቀርበው ዋናው ቅሬታ ንግድ ይገድላል የሚል ነው። በበኩላችን አንቀበለውም። ቅዳሜ ፈቃድ ያጣ ሰው ማክሰኞ ይመጣል፤ ማክሰኞ የሚመጣ ደግሞ ሰኞ ማታ ቪጎ ያድራል፣ እራት ይበላል፣ ታክሲ ይይዛል። ነሐሴ ላይ ያጣ ሰኔ ላይ ይሞክራል፤ የሰኔው ሆቴል ባለቤት ይህን አይጠላም። ወደ ኦንስ የሚሄድም ይኖራል። ኮታ ገበያተኛውን ከአንድ ቅዳሜ ላይ አንስቶ በብዙ ቀናት ላይ ይበትነዋል። የሚጎዳው በአንዲት ቅዳሜ የዓመቱን ትርፍ ሊያፍስ የተነሳው ብቻ ነው፤ እርሱም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት፣ ጎብኚው የሚመጣለትን ጸጥታ ራሱ ሊያጠፋው የነበረ ነው።

በሲዬስ አሠራር ላይ አንድ የምንተቸው ነገር አለ። ፈቃዱ ነጻ በመሆኑ ከእጥረቱ የሚገኘው ጥቅም ለቲኬት ሻጩ ይሄዳል፤ መንገዱን የሚጠርገውና ወፎቹን የሚጠብቀው ግን ከመንግሥት ካዝና ይከፈለዋል። ከማዴይራ ተምሮ ከሩቅ በሚመጣው ጎብኚ ፈቃድ ላይ ጥቂት ዩሮ መጨመር፣ የአካባቢውን ሰው ደግሞ ነጻ ማድረግ ይገባ ነበር። ገደቡን ኮታው ይጠብቀው፤ ዋጋው ደግሞ ጥበቃውን ይክፈል። ሁለቱ የተለያየ ሥራ አላቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሲሠራ አላየንም።

ጉዳዩ ከውቅያኖስ ዳር ብቻ የሚቀር አይደለም። በሐይቅ ዳር፣ በፏፏቴ አጠገብ፣ በተራራ መንገድ ላይ ማረፊያ ሊሠራ ወይም አክሲዮን ሊገዛ የሚያስብ ሰው ስለ ክፍሎቹ ብዛትና ስለ ባንክ ወለዱ ከመጠየቁ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ቦታው በቀን ስንት ሰው እንደሚችል ተወስኗል ወይ? ሁለተኛ፣ የሚቆጥረው ማን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ካጣ የሚገዛው ነገር ዕድሜ አጭር ነው። የሁለተኛው መልስ «ቲኬት ሻጩ ራሱ» ከሆነ ደግሞ ኮታው በወረቀት ላይ ያለ ጌጥ ብቻ መሆኑን አውቆ ገንዘቡን በኪሱ ቢያቆይ ይሻለዋል።