የጋዝ ማሞቂያው መርማሪ በመጣ ጊዜ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው በአገር ቤት ያለውን ጓዳና ምድጃ ነው። ዛሬ ግን በእንግሊዝ አገር ለሚኖሩት ወገኖቻችን የሚጠቅመውን፥ ልጆቻቸው በዚያ ላሉ ወላጆችም ቢያውቁት የማይከፋውን አንድ ጉዳይ እናነሣለን። ይኸውም በዚያ አገር በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በጋዝ የሚነደው የውሃ ማሞቂያ በዓመት አንድ ጊዜ ሲመረመርና ሲጸዳ ምን እንደሚደረግ ነው። እነርሱም ቦይለር ይሉታል። የአዲስ አበባ ሰው ቦይለር ሲባል የሚያስበው በመታጠቢያ ቤት ያለውን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ በርሜል ነው፤ የእንግሊዞቹ ግን በውስጡ እሳት አለበት፤ የነገሩም ክብደት የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ባለፈው ጥር ወር በሎንዶን ከተማ በአጎታችን ልጅ ቤት ሰንብተን ነበር። እርሷና ባሏ ከሦስት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው። አንድ ማታ ይህች እኅታችን ደብዳቤ አሳየችን፤ አከራዩ የማሞቂያ መርማሪ እንደሚልክ የሚገልጽ ነበር። ቀኑ ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ሁለት ጊዜ በእርሷ ጥያቄ ተላልፏል። ምክንያቱን ብንጠይቃት፥ «ጋሼ፥ ሰውየው አበላሽታችኋል ብሎ ቢጽፍብንስ? በዚህ ብርድ ዘግቶብን ቢሄድስ? አከራዩስ ወጪውን በእኛ ላይ ቢጥለው?» አለችን። ይህ ሥጋት የእርሷ ብቻ አለመሆኑን ከሌሎችም ስለ ሰማን በዚሁ እንጀምር።

በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 የወጣው የጋዝ ደኅንነት ደንብ አከራዩ በሚያከራየው ቤት ያለውን የራሱን የጋዝ መሣሪያ በየ12 ወሩ በተመዘገበ ባለሙያ እንዲያስመረምር ያስገድደዋል። የምርመራውንም ወረቀት በ28 ቀን ውስጥ ለተከራዩ፥ ለአዲስ ተከራይ ደግሞ ገና ከመግባቱ በፊት መስጠት አለበት። ማስመርመሩም ወጪውም የአከራዩ ግዴታ ነው፤ የተከራዩ ድርሻ በር መክፈት ነው። በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው ግን እንዲህ ያለ ሕግ ባያስገድደውም ራሱ ጠርቶ፥ ራሱ ከፍሎ በየዓመቱ ቢያስመረምር ይበጀዋል፤ አለዚያ የሠሪው ፋብሪካ ዋስትና ሊቀርበት ይችላል። አንድ የሚያሳስት ነገርም አለ፦ ሕጉ የሚያዘው የደኅንነት ምርመራና የመሣሪያው ሙሉ ጽዳት አንድ አይደሉም። ስለዚህ የመጣው ሰው የትኛውን ሊሠራ እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል። በእኅታችን ቤት የተሠራው ሁለቱም ነበር።

መርማሪው ጠዋት በሦስት ሰዓት ደረሰ። በዚያ አገር ጋዝ ለመንካት የሚፈቀድለት ጋዝ ሴፍ ሬጂስተር በሚባለው መዝገብ ስሙ የሰፈረ ሰው ብቻ ነው፤ ይህም መዝገብ ሥራ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ 2009 ነው። ፎቶግራፉ፥ ቁጥሩና የፈቃዱ ማብቂያ ቀን ያለበት ካርድ ይይዛል። በካርዱ ጀርባ ደግሞ የትኛውን ሥራ ለመሥራት እንደ ተፈቀደለት ተጽፏል፤ ብዙ ሰው ፊቱን አይቶ ጀርባውን ሳያገላብጥ ይመልሰዋል። በእኛ ልማድ የመጣን ሰው በደጅ አቁሞ ወረቀት መጠየቅ ነውር ስለሚመስል እኅታችን አፈረች። ሰውየው ግን ሳይጠየቅ ካርዱን አውጥቶ ሰጣት፤ ብትጠይቀውም ባልተቀየመ ነበር።

ማሞቂያው በወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበርና ከፊቱ ሦስት ጣሳ በርበሬ፥ አንድ ከረጢት ሽሮና የእንጀራ ምጣድ ተደርድሮ ነበር። ይህን ሁሉ እስክናወጣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ጠበቀን። እንግዲህ መርማሪ የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ ቦታውን ያስለቅቅ፤ አንድ ሰዓት ያህልም ሙቅ ውሃና የቤት ሙቀት እንደማይኖር ዐውቆ ሕፃናቱን አስቀድሞ ያጥባቸው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ ጠየቀ፤ ይጮኻል ወይ፥ ግፊቱ ይወርዳል ወይ፥ መቼ ተመረመረ። ወደ ውጭም ወጥቶ የጭስ ማውጫውን ቧንቧ ተመለከተ። በብርድ ቀን ከዚያ ቧንቧ የሚወጣው ነጭ እንፋሎት አዲስ መጥ ሰዎችን ያስደነግጣቸዋል፤ ነገር ግን በዛሬዎቹ ማሞቂያዎች ይህ ደኅና ምልክት እንጂ ብልሽት አይደለም። ቀጥሎ የምግብ ምድጃውን አጥፍቶ፥ ማሞቂያውን ብቻ አንድዶ በቆጣሪው አጠገብ ሰዓቱን ይዞ ቆመ፤ ምን ያህል ጋዝ እንደሚበላ መለካቱ ነበር። ከዚያም ኤሌክትሪኩንና ጋዙን ዘግቶ የፊቱን ክዳን በካቻቢቴ ፈታ።

በውስጡ ያየነውን ባጭሩ እንናገር። ነበልባሉ የሚነድበትን ክፍል ጠረገ፤ እሳትና ጭስ እንዳያሾልክ የሚይዘውን ጓርኒሲዮን መረመረ፤ ከጭሱ ተለይቶ የሚወርደው ውሃ የሚጠራቀምበትን ትንሽ ጽዋ አውጥቶ አጠበ፤ ከሥሩም ጥቁር ዝቃጭ ወጣ። የውሃውን ግፊትም አየ፤ ማሞቂያው በቀዘቀዘ ጊዜ መርፌው ከ1 እስከ 1.5 ባር ባለው መካከል ቢሆን ደኅና ነው። ሁሉንም ገጥሞ እንደ ገና ካነደደው በኋላ ከጭስ ማውጫው ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ ቀጭን ዘንግ አገባ፤ በእጁ በያዘው መለኪያም ቁጥር ታየ። የምርመራው ዋና ነገር ይህ ነው።

ጋዝ በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው። አየር ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ይወጣል። ይህ መርዝ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። በሳንባ ገብቶ ኦክስጅንን ከሚሸከመው የደም ክፍል ጋር ይጣበቃል፤ የመጣበቅ ኀይሉም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ ይበልጣል። በቧንቧ የሚመጣው ጋዝ የሚሸተው ሲያፈተልክ እንዲታወቅ ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። ስለዚህ «ካልሸተተ ደኅና ነው» የሚለው አስተሳሰብ ለካርቦን ሞኖክሳይድ አይሠራም። የተጠቃውን ሰው ራሱን ያመዋል፥ ያዞረዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ ይደክመዋል፤ ትኩሳት የሌለው ጉንፋን ይመስላል። ከቤት ሲወጣ የሚሻለው፥ ሲመለስ የሚብሰው ከሆነ፥ የቤቱ ሰዎችም አብረው ከታመሙ ነገሩ ከቤቱ ነው።

መርማሪው ቁጥሩን አይቶ ማሞቂያው ጤናማ ነው አለ። እኅታችንም በእፎይታ ፈገግ አለች። እርሱ ግን ግድግዳውን እየተመለከተ፥ «የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው የት አለ?» ሲል ጠየቀ። በግድግዳው ላይ ባዶ ማንጠልጠያ ነበር። እኅታችን መሳቢያውን ሳበች፤ መሣሪያው ባትሪው ወጥቶ ከማንኪያዎቹ መካከል ተኝቶ ነበር። «ቡና ሳፈላ ሁልጊዜ ይጮኻል፤ የተበላሸ መስሎኝ ነው» አለች።

የተበላሸ አልነበረም። በየእሑዱ በዚያች ጠባብ ሳሎን፥ ብርድ ስለ ሆነ መስኮቱ ተዘግቶ፥ በከሰል ምድጃ ቡና ይፈላ፥ በፍሙም ላይ ዕጣን ይጨስ ነበር። የምትፈራው መሣሪያ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ መርዙ የሚወጣው ከምትወደው ምድጃ ነበር። እኛም በዚያ ምድጃ አጠገብ ሁለት እሑድ ተቀምጠን፥ ሦስተኛ ቡና ጠጥተን፥ ራሳችንን ሲያመን የመንገድ ድካም ነው ብለን ተኝተናል። ይህን የምንጽፈው በኀፍረት ነው። በተማሪነታችን ዘመን በክረምት በጎጆ ውስጥ ከሰል አንድደን፥ በሩን ዘግተን አድረን፥ ከመካከላችን አንዱን ጎረቤት እየጎተተ አውጥቶ በአየር አስነሥቶታልና። የከሰልን ነገር ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አስተምረናል! በሎንዶን ሳሎን ግን ምንጣፉንና ራዲያተሩን አይተን ዘነጋነው።

ሰውየው አልተቆጣም። መስኮቱን ከፍቶ፥ ከሰል በቤት ውስጥ ፈጽሞ እንዳይነድ፥ መስኮት መክፈትም ብቻውን እንደማይበቃ አስረዳት። ባትሪውን መልሶ መሣሪያውን ከማሞቂያው ከ1 እስከ 3 ሜትር ርቀት ባለ ስፍራ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ ቁልፉንም በየወሩ እየተጫኑ መሞከር እንዳለበት ነገራት። በእንግሊዝ የጋዝ ማሞቂያ ባለበት ክፍል ይህን መሣሪያ ማኖር ከጥቅምት 1 ቀን 2022 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በአከራዩ ላይ የተጣለ ግዴታ ነው። በጮኸ ጊዜ በርና መስኮት ከፍቶ፥ የሚነደውን አጥፍቶ ሁሉም ይውጣ፤ ከውጭም ሆኖ ወደ ጋዝ አደጋ መሥሪያ ቤት በ0800 111 999 ይደወል፤ ራሱን ያመመው ሰው ካለም ሐኪም ይየው።

ምርመራው መልካም ያልሆነ እንደ ሆነስ? ባለሙያው አደገኛ ነው ካለ ፈቃድ ጠይቆ ጋዙን ይዘጋል፥ የማስጠንቀቂያ ወረቀትም ይለጥፍበታል። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ወረቀቱን ልጦ እንደ ገና ማንደድ ግን በሕይወት መጫወት ነው። አከራዩ እስኪያስጠግን ድረስ ጊዜያዊ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዲሰጣቸው ተከራዮቹ ይጠይቁት። ቀጠሮውም የሚሻለው በእነርሱ በጋ፥ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ቀን ቢዘጋ ማንም በብርድ አይቀጣም።

ከተመለስን በኋላ እኅታችን ደወለችልን። የምርመራው ወረቀት ደርሷት በቁም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፋዋለች፤ በርበሬውና ሽሮው ወደ ሌላ መደርደሪያ ተዛውረዋል። ቡናው አሁን በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። ባሏ ግን የከሰሉን ያህል አይጣፍጥም እያለ እስከ ዛሬ ያጉረመርማል።