ከሣጥን ሥር ያለው ኑዛዜ

በእኛ ቋንቋ ለንስሐ አባት ኃጢአትን መንገርም፣ ንብረትን ለወራሽ መናገርም ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ኑዛዜ ይባላሉ። የመጀመሪያው በካህኑ ጆሮ ተቀብሮ ይቀራል፤ ክብሩም እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛውንም እንደዚያው መደበቃችን ግን ወንድምና እህትን ያጣላል። ከጋሳይ እስከ ደብረ ታቦር ባለው የጉና ደጋ የአንድ አዛውንት ኑዛዜ ብዙውን ጊዜ አንዲት ቅጠል ወረቀት ናት፤ አራት ታጥፋ፣ በፌስታል ተጠቅልላ፣ ከአረንጓዴው የመሬት ደብተር ጋር ከሣጥኑ ሥር ትቀመጣለች። ደብተሩ ቢጠፋ የባለይዞታው ስም በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ አለ። ወረቀቷን አይጥ ቢበላት ወይም አንዱ ወራሽ እሳት ውስጥ ቢከታት ግን ሌላ የለም።

«ምስክሮቹ እኮ በሕይወት አሉ» የሚል ይኖራል። እምነቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ በአንቀጽ 881 ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው እንዲፈረም ስለሚያዝ፣ አራት ሰው የሰማው ነገር አይጠፋም ብለን እናስባለን። አንቀጽ 897 ግን ሌላ ይላል፤ የኑዛዜው ቃል የሚረጋገጠው ወረቀቱን ራሱን፣ አለዚያም በአደራ የተቀበለው የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ያረጋገጠውን ግልባጭ በማቅረብ ብቻ ነው። አራቱም ቢምሉ ምስክርነታቸው የሚያገለግለው ኑዛዜውን በጥፋቱ ወይም በቸልተኝነቱ ያጠፋውን ሰው ካሣ ለመጠየቅ ነው። የቃል ኑዛዜም መውጫ አይሆንም። ሞት የተቃረበው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ይህ ኑዛዜ ለአንድ ሰው ከ500 ብር በላይ ለማውረስ አያስችልም፤ ያ ገንዘብ ዛሬ በግ አይገዛም። ሕጉ ጨካኝ ነው ቢባል እኔ አልስማማም። ሟች ተነሥቶ «እንዲህ አላልኩም» አይልም፤ ምስክርም ዘመድ አለው፣ ይረሳል፣ ይባበላል። ጉዳቱ የሚበረታው ግን ልጅ ሳትሆን አዛውንቱን አጥባ፣ አብልታ፣ ጦራ በኖረች ሴት ላይ ነው። ቤቱና ከብቱ ለእርሷ የሚሆኑት በዚያች ወረቀት ብቻ ነበር።

ሰው ወረቀቱን ወደ ፍርድ ቤት የማይወስደው ልጆች ሰምተው በቁሙ እንዳይጣሉበት ነው ይባላል። በአራት ሰው ፊት የተነበበ ነገር ግን ከመጀመሪያውም ምስጢር አልነበረም። ማንም ሳያይ በገዛ እጁ የጻፈውማ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል፤ ይህን ሳያውቁ የሞቱ ስንት ይሆኑ! ሽማግሌ ያስታርቃል የሚለውን አከብራለሁ፤ ወራሾቹ ሁሉ ከተስማሙ ወረቀት ባይኖርም አባታቸው እንዳለው መካፈል ይችላሉ። አንዱ እምቢ ያለ ቀን ግን ሽማግሌው የጠፋውን ኑዛዜ ሊያጸድቅ አይችልም።

ከሁሉ የሚከብደኝ «መዝገብ ቤቱስ ቢዘረፍ?» የሚለው ነው። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ከተማ ደርሶ የመንግሥት ተቋማት ተዘርፈዋልና ሥጋቱ እውነት ነው። መልሱ አንዱን በመዝገብ ቤት፣ የተረጋገጠውን ግልባጭ በቤት ማኖር ነው። የበጌምድር አባቶች ውርስንና የመሬት ሽያጭን በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ከነምስክሮቹ ስም ያጽፉ ነበር፤ መጽሐፉ የሚጠበቀው በወራሽ ቤት ሳይሆን በደብሩ ዕቃ ቤት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አድባራት መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ በ1860 እንግሊዞች ወደ 350 የሚጠጉትን አግዘው ሄዱ። ዝርፊያው እስከ ዛሬ ያንገበግባል። ቢሆንም ከእነዚያ ገጾች መካከል የማን መሬት ለማን እንደተላለፈ የሚናገሩት ለንደን ውስጥ ዛሬም ይነበባሉ፤ በየጎጆው ሣጥን የነበረው ግን የለም።

እናንት የቤት አባቶችና እናቶች፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ ከተማ ስትወጡ ወረቀቷን ከሣጥኑ አውጥታችሁ ለፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር አስረክቡ፤ የተረጋገጠ ግልባጭ ተቀበሉ፤ የት እንዳስቀመጣችኋትም ለምታምኑት ሰው ንገሩ።