ገዳዩን የምትደብቀው ደራሲ

የዛሬው ወሬያችን ስለ አጋታ ክሪስቲ ነው። አጋታ እንግሊዛዊት ደራሲ ነበረች። ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗል። እኛ ግን እስከ ዛሬ እንወዳታለን። መጽሐፏን አንዴ ከያዝን ራት ይቀዘቅዛል እንጂ አንነሣም።

ምን ትጽፍ ነበር? ነፍሰ ገዳይ የሚታደንበትን ልብወለድ ነው። አንድ ሰው ተገድሎ ይገኛል። ገዳዩ አይታወቅም። መርማሪ ይመጣል፤ ይጠይቃል፤ ያዳምጣል፤ ያስባል። በመጨረሻ ሰዎቹን ሁሉ አንድ ክፍል ይሰበስብና የሆነውን ከሥሩ ይተርካል። ገዳዩም እዚያው ከመካከላቸው ተቀምጧል። በዕድሜ የገፋችሁት አውጫጭን ታውቃላችሁ። አፈርሳታ የሚለውም አለ። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል ሕዝቡ ተሰብስቦ «ማን አየ? ማን ሰማ?» ይባል ነበር። በአውጫጭ የሚናገረው ሕዝቡ ነው። በአጋታ መጽሐፍ ግን የሚናገረው መርማሪው ነው።

አጋታ የተወለደችው በ1890 ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። (ዘመኑን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) እናቷ ልጅ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ማንበብ የለበትም ይሉ ነበር። ትንሿ አጋታ ግን አልጠበቀችም። የሚነበብላትን መጽሐፍ ትወስድና ቃላቱን ትኩር ብላ ታያለች። በአምስት ዓመቷ ገደማ ማንም ሳያስተምራት አንባቢ ሆና ተገኘች። ሞግዚቷም ነገሩን እንደ ጥፋት ቆጥራ ለእናቷ ነገረች። ታዲያ የፊደል ግድፈት ዕድሜዋን ሙሉ አልለቀቃትም። የቃሉን መልክ ነው እንጂ ፊደሉን አንድ በአንድ አልያዘችማ! ይህን ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም። ከእናንተም መካከል «ሀንና ሐን እያምታታሁ እንዴት ደብዳቤ እጽፋለሁ?» የሚል አለ። ይጻፍ እንጂ!

በ1914 ጦርነት ሲነሣ አጋታ ሆስፒታል ገብታ ቁስለኛ አስታመመች። ቀጥላ መድኃኒት ክፍል ሠራች። የትኛው መድኃኒት ምን ያህል ሲሰጥ እንደሚያድን፣ ምን ያህል ሲሰጥ እንደሚገድል እዚያ ተማረች። በመጽሐፎቿ ውስጥ መርዝ የበዛው ለዚህ ነው። በዚያው ጊዜ ከቤልጅግ የተሰደዱ ሰዎች ወደ ከተማዋ መጥተው ነበር። እሷም መርማሪዋን ቤልጅጋዊ ስደተኛ አደረገችው። ስሙ ፑዋሮ ነው። አጭር፣ ጉረኛ፣ ጢሙን ሲያሳምር የሚውል ሰው ነው። የመጀመሪያ መጽሐፏን ብዙ አሳታሚዎች መልሰውባታል። የታተመው በ1920 ነው።

እኛ ግን ከፑዋሮ ይልቅ አሮጊቷን ማርፕልን እንወዳለን። ማርፕል ባል የላትም፤ ልጅ የላትም፤ ሹመት የላትም። ትንሽ መንደር ውስጥ ሹራብ እየሠራች ትኖራለች። ፖሊሶቹ መጀመሪያ ይንቋታል። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጎረቤቷን ስታይ ኖራለች። ማን በማን እንደሚቀና፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ ማን ፈገግ እያለ እንደሚዋሽ ታውቃለች። ከተማ ውስጥ ሰው ተገደለ ሲሏት «ይህ ሰውዬ የኛን መንደር እገሌን ይመስለኛል» ትልና ከዚያ ትነሣለች። የሰው ጠባይ የትም አንድ ነው ባይ ናት። እንዲህ ያለች እናት በየቀበሌው አትጠፋም መቼም።

አንድ ቅር የሚለን ነገር አለ። ሟቹ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በባለጸጋ ቤት ነው። ሠራተኛዋ ሻይ አቅርባ ትወጣለች፤ የእሷ ኑሮ ብዙም አይነገርም።

ወደ ብልሃቷ እንመለስ። አጋታ ፍንጩን አትሸሽግም። ፊት ለፊት ታስቀምጠዋለች። እንዲህ እንበል፦ ዝናብ ጥሎ አገሩ ሁሉ ጭቃ ነው። አንድ እንግዳ በእግሬ መጣሁ ብሎ ይገባል። ጫማው ግን ንጹሕ ነው። ይህን በሁለት ቃል ብቻ ትጽፍና ወዲያው ስለ ሻይ ታወራለች። አንባቢውም ሻዩን ይዞ ይሄዳል። ገጽ እየዘለለ የሚሮጥ ሰው ጫማውን አያየውም። በጣቱ ቃሉን እየተከተለ የሚያነበው ግን ያየዋል። በ1926 የታተመው የሮጀር አክሮይድ መጽሐፏ ብዙ ሰው አስቆጥቷል። «አታለለችን!» አሉ። ሌሎች ደግሞ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገልጠው አነበቡና ፍንጩ ሁሉ እዚያው ተጽፎ አገኙት።

ስልሳ ስድስት የወንጀል ምርመራ ልብወለዶች ጻፈች። በ1975 የፑዋሮን ሞት የሚተርከው መጽሐፍ ታተመ። ያን ጊዜ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጋዜጣ የፑዋሮን ሞት በፊተኛው ገጹ አወጣ። በልብወለድ ብቻ ለኖረ ሰው እኮ ነው! በጥር ወር 1976 አጋታ ራሷ በሰማንያ አምስት ዓመቷ ዐረፈች። ሁለት የለንደን ቴአትር ቤቶች ለክብሯ የውጭ መብራታቸውን ቀነሱ። በአንደኛው የሚታየው የራሷ ቴአትር ነበር። «የአይጥ ወጥመድ» ይባላል። በ1952 የተጀመረ ሲሆን ዛሬም ይታያል። ተመልካቹ ሲወጣ ገዳዩን ለማንም እንዳይናገር ይለመናል። እኛም አንናገርም።