የሰጠን ሲነሳን

ባለፈው ሰሞን አራት ሆነን አራት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ስለ ዋጋ ስናማርር (ዘንድሮ ወጣት ሲገናኝ ሌላ ምን ያወራል?) አንዷ ጓደኛችን የማኪያቶ ስኒዋን ከፍ አደረገችና "ቡናው የኛ፣ ወተቱ የኛ፤ ታዲያ ዶላር ሲጨምር ይሄ ምን ቤት ነው የሚጨምረው?" አለች። ሳቅን። ከዚያ መቁጠር ጀመርን። ማሽኑ ከጣሊያን። ስኒው ከቻይና። ከስኳሩም ከውጭ የሚገባ አለበት። ወተቱን ከሱሉልታ ያመጣችው መኪና የምትጠጣው ነዳጅ በጅቡቲ በኩል ተጉዞ የመጣ ነው። ቡናውም ቢሆን ጥሩ ጥሩው ባሕር ተሻግሮ ለኛ የሚቀረን ለውጭ ገበያ ያልበቃው ነው። ከስኒዋ ውስጥ "የኛ ብቻ" ብለን በእርግጠኝነት የተስማማንበት ወተቱ ላይ ያለችው አረፋ ሆነች።

ቆጥረን ስንጨርስ አንድ ጥያቄ ተረፈን። ይህን ሁሉ የምንገዛው ከማን፣ በምን ውል ነው? የምንሸጠውንስ? እዚህ ላይ አፈርን። ከአራታችን ሦስታችን የተመረቅነው በጋዜጠኝነት ነው። "የወጪ ንግድ ገቢው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር በዚህን ያህል በመቶ ብልጫ አሳየ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በልምምድ ጊዜ ስንት ጊዜ እንደጻፍናት እኛ እናውቃለን። ለማን ሸጠን ነው ብለን ግን አንድም ቀን አልጠየቅንም። መግለጫው ላይ አልነበረማ!

እንግዲህ ዘግይተንም ቢሆን እንጠይቅ።

በ2016 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከላከችው ሸቀጥ ያገኘችው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ያስገባችው ከዚያ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በ2017 ገቢው ከ8 ቢሊዮን ዶላር አለፈ ተብሎ ከበሮ ተደለቀ። ለከበሮው ምክንያት አለው፤ ቡና ብቻውን ከ2.6 ቢሊዮን በላይ አስገብቷል። የቀረውን ዝላይ በአብዛኛው የሠራው ግን ወርቅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ድሮ በድንበር ሾልኮ ይወጣ የነበረው ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ መጣ፤ ዓመት ሳይሞላ ከ35 ቶን በላይ። ጥሩ ነው፣ አልጠላንም። ነገር ግን ያው ከመሬት ቆፍሮ መሸጥ ነው፤ ዋጋውንም የምንወስነው እኛ አይደለንም።

ሸሪኮቻችንን በተመለከተ፣ ከሁሉ በላይ የምንገዛው ከቻይና ነው፤ ይሄን ለማወቅ የሚኒስቴር መግለጫ አያስፈልግም፣ ቤታችሁን ዞር ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። ነዳጁ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። ቡናችንን ጀርመን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጃፓን፣ አሜሪካና ቤልጂየም ይገዙናል፤ አበባችን ወደ ኔዘርላንድ ይበራል፤ ጫትና አትክልቱ ጅቡቲና ሶማሌ ላንድ ይወርዳል። (ወደ ሳዑዲ የሚሄደው ቡና ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እህቶቻችንም ይሄዳሉ። ወደዚህ እንመለሳለን።)

ዋናው ነገራችን ውሉ ነው።

የአሜሪካ ምክር ቤት በግንቦት 1992 አጎዋ የሚባለውን ሕግ አወጣ። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ነበረች። ሕጉ በአጭሩ "ከናንተ የመጣ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ ይግባ" ይላል። ለልብስ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ አሜሪካ ልብስ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ከባድ ነውና። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ ስሌቱ ይኸው ነበር፤ ሸሚዙ እዚህ ይሰፋል፣ ያለ ቀረጥ ኒውዮርክ ይሸጣል። የሌላ አገር ሸሚዝ ቀረጥ ሲከፍል የኛ አይከፍልም።

የአንዷ ጓደኛችን የአክስት ልጅ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ከወላይታ ሐዋሳ ገባች። ቀኑን ሙሉ እጅጌ ትሰፋ ነበር፤ እጅጌ ብቻ። ደመወዙ አስቂኝ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዙን በወር 26 ዶላር ብሎ ጽፎታል፤ የቤት ኪራይና አስቤዛ ሲቀነስለት ምን እንደሚቀር እናንተው አስሉት። ቢሆንም የራሷ ገንዘብ ነበር፤ ከአራት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ በየወሩ ለእናቷ ትልክ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የአሜሪካው ሕግ መጀመሪያውኑ አንድ አንቀጽ አለው፤ ተጠቃሚው አገር ከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ፈጽሟል ብሎ ፕሬዚዳንቱ ካመነ ተጠቃሚነቱን ይሰርዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከማሊና ከጊኒ ጋር ተሰረዘች። ገና ውሳኔው በሥራ ላይ ሳይውል የፓርኩ ዋና ተከራይ የነበረው ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ በኅዳር 2014 አሳወቀ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ሲፈረም ብዙ ሰው "አሁንማ ይመልሱልናል" አለ። አልመለሱም። ሕጉ ራሱም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ዘመኑ አለቀ፤ ማራዘም አለማራዘሙም ዋሽንግተን የሚወሰን እንጂ እኛ ድምፅ ያለን ጉዳይ አይደለም።

ልጅቷ የምትሠራበት ፋብሪካ መጀመሪያ ሰዓት ቀነሰ፣ ከዚያ ሰው ቀነሰ። "አጎዋ" የሚለውን ቃል የሰማችው የተቀነሰች ዕለት ነው። ዛሬ ያለችው ሪያድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጩኸት ሰምተናል። አንዱ "ምዕራባውያን በድህነታችን ፈረዱብን" የሚል ነው። ሌላው "መንግሥት ያመጣው ጣጣ ነው" የሚል ነው። ስለ ጦርነቱ ብዙ የምንለው አለን፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን ሁለቱም ጩኸቶች አንድ ነገር ይዘላሉ። አጎዋ ውል አልነበረም። አሜሪካ ለራሷ ያወጣችው ሕግ ነው፤ እኛ የፈረምንበት ቦታ የለም። የሰጠ ሲነሳ ደግሞ የሚከሰስበት ፍርድ ቤት የለም። በሰው ስጦታ ላይ ሠላሳ ምናምን ሺህ ሰው የሚቀጥር ፓርክ ስንሠራ ይሄን ማን አሰበው? እኛስ ጋዜጠኛ ነን ባዮቹ ማን ጻፈው?

ሌሎቹንም እንያቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከጦር መሣሪያ በስተቀር ማንኛውንም ሸቀጣችንን ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ የሚያስገባው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ነው፤ ለድሃ አገሮች የሰጠው ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግንኙነት ላላቸው ድሃ አገሮች ሸቀጥ በሙሉ ቀረጡን ዜሮ አድርጋለች። ይሄም ያው ነው። ሁለቱም "ከመጨረሻዎቹ ድሃ አገሮች ተርታ" በሚለው መዝገብ ላይ እስካለን ድረስ የሚሠሩ ናቸው። ከመዝገቡ ከወጣን ስጦታው ይቆማል። ታዲያ ምን እንመኝ?

ውል የሚባለው ነገር ላይ ስንመጣ ደግሞ እግራችን ይጎተታል። ኮሜሳ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲመሠረት አባል ነበርን። እ.ኤ.አ. በ2000 ዘጠኝ አባል አገሮች፣ ኬንያም ግብጽም ጅቡቲም ጭምር፣ በመካከላቸው ቀረጥ አንስተው ነጻ የንግድ ቀጠና ሲመሠርቱ እኛ ውጭ ቀረን። የዓለም ንግድ ድርጅትን አባልነት የጠየቅነው በጥር 1995 ነው። ያኔ ከኛ ትልቋ ጡት ከጣለች ብዙም አልቆየችም። ማመልከቻው ከታናሽ ወንድሞቻችን ይበልጣል፤ እነሱ አድገው ጺም አወጡ፣ ድርድሩ ግን ሃያ ዓመት አልፎትም አላለቀም ነበር። በአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጠና የተሻልን ነን፤ ኪጋሊ ላይ በ2010 ፈረምን፣ በ2011 ፓርላማው አጸደቀው፣ የመጀመሪያው ጭነት የተንቀሳቀሰው ግን በ2018 መግቢያ ላይ ነው። ሲጸድቅ ካምፓስ ነበርን። ክፍላችን ውስጥ ስለሱ የጻፈ ሰው አናስታውስም፤ ያን ሰሞን ሁላችንም ፖለቲካ ተንታኝ ነበርን።

ለምን ተጎተትን ስንል አራታችን ተጣላን። አንዱ ጓደኛችን አባቱ መርካቶ ጫማ ይሠራሉ። "በሩ ሲከፈት የሚበላው የኔ አባት ነው፣ እናንተ ማኪያቶ ትጠጣላችሁ" አለን። ልክ ነው፣ የሚበላ አለ። ከጎረቤት የሚመጣው ሳሙናና ብስኩት ከኛው በርክሶ ቢገኝ የሚዘጋው የኛ ፋብሪካ ነው፤ መንግሥትም ከጉምሩክ የሚያገኘውን ቀረጥ ያጣል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው።

ከዚያ ግን ራሱ አንድ ነገር ትዝ አለው። በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ መርካቶን ሲያጥለቀልቀው ከቻይና ጋር የነጻ ንግድ ውል የሚባል አልነበረንም። የዓለም ንግድ ድርጅት አባልም አልነበርንም። ጫማው ግን ገባ፣ ብዙ ሱቅ ተዘጋ፣ የቀሩት ደግሞ ዲዛይንና ጥራት አሻሽለው መልሰው ገበያውን ያዙ፤ አባቱም ከነሱ አንዱ ናቸው። ማለትም አለመፈረማችን አላዳናቸውም። ያዳናቸው ራሳቸው ናቸው። ከዚህ በኋላ ጓደኛችን ቃሉን ሙሉ በሙሉ አልቀየረም፣ ድምፁን ግን ቀነሰ።

የእኛ አቋም እንግዲህ ይሄ ነው። ከአሥር ስጦታ አንድ ውል ይሻላል። ውል ያስከፍላል፣ በር ያስከፍታል፤ ግን ሌላውንም ያስራል፣ ሲፈርስም "ተጣሰ" ብለን የምንከስበት ቦታ ይኖረናል። ቀስ ብሎ መክፈትም ይቻላል፤ የአፍሪካው ስምምነት ለኛ ቢጤዎች ረጅም ጊዜ የሰጠው ለዚሁ ነው።

"እኛ መደራደር የት አውቀን!" ለሚል አንድ ታሪክ አለን። በ1997 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ እንደ ንግድ ምልክት ሊያስመዘግብ አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ቀድሞ "ሲዳሞ" የሚል ቃል ያለበት የራሱን ምልክት አመልክቶ ነበር። ኦክስፋም ዘመቻውን ያዘ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ በመጨረሻም በ1999 ስታርባክስ የኢትዮጵያን የስሞቹ ባለቤትነት የሚያውቅ ስምምነት ፈረመ። ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረን ነው። ያ የሆነው የቤት ሥራ ስለተሠራ ነው።

የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲቀርስ? እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኛ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፤ ገበያው ተዘጋ ማለት ይቻላል። ገበሬዎቻችን አብዛኞቹ ቡናቸው ላይ መድኃኒት የሚረጩ አይደሉም። ታዲያ ከየት መጣ? ጣት የተቀሰረው ጆንያው ላይ ነው። ጆንያ! ከትልልቅ ገዢዎቻችን አንዷን ያሸሸብን ቡናው ሳይሆን የተቋጠረበት ነገር ሆነ። ዜሮ ቀረጥ እዚህ ጋ አይረዳም፤ የሚረዳው ላቦራቶሪና ጆንያውን የሚፈትሽ ሰው ነው። አሁንም አውሮፓ ደን ተመንጥሮ ያልተመረተ መሆኑ ያልተረጋገጠ ቡና አላስገባም የሚል ሕግ አውጥታ፣ ከአንዴም ሁለቴ ብታራዝመውም፣ የእያንዳንዱን ማሳ አቀማመጥ በካርታ መለኪያ አሳዩኝ እያለች ነው። ግማሽ ሄክታር ያላት የጅማ እናት ማሳዋን ማን ይለካላታል? ይሄን እየተከታተለ የሚጽፍ ስንት ሰው አለን?

ከዓለም ንግድ ድርጅት ጋር ሲደራደሩ የትኛው ሸቀጥ ላይ ስንት ቀረጥ እንደሚቀር የሚዘረዝሩት የገበያ መክፈቻ ሰነዶች በድርጅቱ አሠራር ድርድሩ እስኪያልቅ ለሕዝብ አይለቀቁም። ይግባን፤ ካርታህን አሳይተህ ካርታ አትጫወትም። ነገር ግን ለመርካቶ ጫማ ሠሪና ለሐዋሳ ሰፊ "ይሄ ይመጣብሃል፣ በዚህን ያህል ዓመት ውስጥ ተዘጋጅ" ለማለት ሙሉውን ሰነድ መዘርገፍ አያስፈልግም። በዘርፍ በዘርፍ፣ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን፣ ሰው በሚገባው ቃል የተጻፈ ሁለት ሁለት ገጽ ይበቃል። በአፍሪካው ስምምነት ቀረጥ የሚነሳባቸው ዕቃዎች ዝርዝርስ ምን ምስጢር አለው?

ካፌ ውስጥ ማውራት ብቻ እንዳይሆን ይህን ዝርዝር በአማርኛ ፍለጋ ወጣን። አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ደወልን፤ "ከየት ነው የምትደውሉት?" አሉን። ከየትም አልን። ደብዳቤ አምጡ ተባልን። ማኅተም የለንም፣ ብሎግ ነን ብንላቸው ሰውየው ዝም አሉ፤ ብሎግ የሚለውን ቃል ከየት መዝገብ እንደሚከቱት ያሰቡ ይመስለናል። በመጨረሻ አራታችንም ፈርመንበት፣ ስልክ ቁጥር ጽፈንበት መዝገብ ቤት አስገባነው። ቁጥር ሰጥተውናል።

ዝርዝሩ ሲመጣ ሙሉውን እዚሁ እናወጣዋለን። የጓደኛችን አባት አሁኑኑ ነው የሚጠይቁን፤ ጫማ ስንተኛው ረድፍ ላይ እንዳለ።