ሚዛኑን ማን ይመዝነዋል?

እናቴ አቃቂ ገበያ ስትወጣ ከዘንቢሏ የማይጠፋ ነገር ቢኖር አንድ እሽግ ፓስታ ነው። ለመቀቀል አይደለም። ቲማቲም ከማስመዘኗ በፊት ፓስታውን ሚዛኑ ላይ ታስቀምጣለች። ግማሽ ኪሎ ካላለ ሳትጨቃጨቅ ወደ ቀጣዩ ሻጭ ታልፋለች። ልጅ እያለሁ በጣም አፍርባት ነበር።

ዛሬ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የስድስት ዓመቱ ልጄ አስም አለበት። የከባድ መኪናውን ጭስና ጠዋት ጠዋት ከብሎኩ ጀርባ የሚቃጠለውን ቆሻሻ ስለምፈራ፣ ከቤት ሳላስወጣው በፊት ስልኬ ላይ የአየር ጥራት የሚያሳየውን መተግበሪያ አያለሁ። ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀለሙ አረንጓዴ ነበር፤ «ጥሩ» ይላል። «ሂድ፣ ኳስህን ተጫወት» አልኩት። ማታ ደረቱ ያፏጭ ጀመር። ሌሊቱን ሐኪም ቤት አደርን።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ቢሮ ውስጥ ያማረ ቁጥር ሲቀርብልኝ «ከየት መጣ?» ሳልል አላልፍም። በገዛ ልጄ ላይ ግን አልጠየቅሁም። ሰኞ ዕለት የመተግበሪያውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩ። ቁጥሩ ሰፈራችን ካለ መሣሪያ የተገኘ አይደለም፤ ከሳተላይትና ከኮምፒውተር ስሌት የወጣ ግምት ነው። ታዲያ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት የእኛን አየር እንዴት ያውቃል?

ነገሩ በብርሃን ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት ስትጫኑ የሚወጣው ኢንፍራሬድ ለዓይን አይታይም፤ በብዙ የስልክ ካሜራዎች ግን ብልጭታው ይታያል። ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። የፀሐይ ብርሃን ውስጥም እንዲህ ያለ የማይታይ ክፍል አለ። እያንዳንዱ ጋዝ ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ይውጣል። ሳይንቲስቶች የትኛው ጋዝ የትኛውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ በቤተ ሙከራ ለክተው ሰንጠረዥ አዘጋጅተዋል። ሳተላይቱም የጎደለውን ብርሃን አይቶ፣ በሰንጠረዡ መሠረት የጋዙ መጠን ይሰላል።

ሰንጠረዡ ራሱ ቢሳሳትስ? የእናቴ ፓስታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአየሩ ፓስታ ኦክስጅን ነው። አቃቂም ሆነ እንጦጦ፣ ከደረቅ አየር 20.95 በመቶው ኦክስጅን ነው። ከፍታ ላይ የሚቀንሰው ድርሻው ሳይሆን የአየሩ ጠቅላላ መጠን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ግፊትን በባሮሜትር የለካ ሰው፣ ከበላዩ ስንት ኦክስጅን እንዳለ ያለ ምንም ብርሃን ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ፓርክ ፎልስ በምትባል ቦታ ፀሐይን እየተከተለ የሚለካ መሣሪያ ተተከለ። በ1.27 ማይክሮሜትር የኢንፍራሬድ ብርሃን ኦክስጅንን ሲለካ፣ ባሮሜትሩ ከሚለው 2 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። የተሳሳተው አየሩ አይደለም፤ በዋናነት የቤተ ሙከራው ሰንጠረዥ ነበር። 2 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬት በዚህ መጠን ቢዛባና ባይታረም፣ ስህተቱ ጋዙ በዓለም አየር ላይ ከሦስት ዓመት በላይ ከሚጨምረው ይበልጣል። ስለዚህ የኦክስጅኑ ሰንጠረዥ ዛሬም እየተፈተነ ይታረማል።

ሥራው ከእኛም ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመኑ ካርልስሩህ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እዚሁ ከተማችን ውስጥ በፀሐይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ኦዞንንና ሌሎች ጋዞችን ለክቷል። ውጤቱም ከሳተላይቶች ልኬት ጋር ተነጻጽሯል።

ኦክስጅን ሌላም ጥቅም አለው። ወደ ሳተላይቱ የተመለሰው ብርሃን ጥቂት ኦክስጅን ብቻ አቋርጦ ከሆነ፣ ከፍ ካለ ደመና ወይም ጭስ ነጥሮ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጠቀችው ሴንቲኔል-5ፒ የጭስና የአቧራን ከፍታ የምትገምተው በዚህ ዘዴ ነው።

ግን የተፈተነ ሚዛንም ቢሆን ያልተጫነበትን አይመዝንም። ይህቺ ሳተላይት በእኛ ሰማይ የምታልፈው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በርካታ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ቦታንም እንደ አንድ ነጥብ ታያለች። ከብሎካችን ጀርባ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሚነደው ቆሻሻ አይታያትም። ልጄ አፍንጫ ሥር የነበረው ግን እሱ ነው።

አሁን ማቀዝቀዣችን ላይ አንድ ደብተር ተንጠልጥሏል። ልጁ ያሳለበትን ቀንና ሰዓት፣ ጭስ የነበረበትን ጠዋት እንጽፋለን፤ ለሐኪሙ የምናሳየው እሱን ነው። ቆሻሻ ማቃጠሉ እንዲቀር ከብሎኩ ነዋሪዎች ጋር ተነጋግረናል። ግማሹ ተስማምቷል፤ ግማሹ ገና ነው። መተግበሪያውን አላጠፋሁትም። ቀለሙን ካየሁ በኋላ ግን መስኮት ከፍቼ አሸታለሁ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ብነግራት ብዙም አልገረማትም። «ታዲያ እነሱም ፓስታ ይዘው ነው የሚዞሩት በይኛ» አለች።